ብቻዎን፣ ካሜራ ይዘው፣ በብርዱ ወራት ወደ ዘጌ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘጌ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ገብቶ የቀረ የጎጃም መሬት ነው። አብዛኛውን ዙሪያውን ውኃ ይከበዋል፤ ውስጡ የቡና ጫካ ነው፤ በጫካው ውስጥ ደግሞ ገዳማት አሉ። እኔ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ካሜራዬን አንግቤ ብቻዬን እመላለስበታለሁ። ፎቶዎቹን ያዩ ሰዎች «እንዴት ልሂድ? ምን ልያዝ? ነፋሱስ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ጎጃም ውስጥ የምን ባሕር ነው?

ጣና ነዋ። በመጽሐፍ ሐይቅ ይባል እንጂ ዳርቻው ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ባሕር ነው፤ ከተማዋም ባሕር ዳር የተባለችው በዚሁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደቡብ እስከ ሰሜን ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘጌ ዳርቻ ቆመው ወደ ሰሜን ቢያዩ የጎርጎራ ወገን አይታይም፤ ውኃው ከሰማይ ጋር ተገናኝቶ ያልቃል።

ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህች ቁጥር ለፎቶ አንሺ ቁም ነገር አላት። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ሞገዱ አጫጭር፣ ቀጥ ቀጥ ያለና ፋታ የማይሰጥ ይሆናል። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲሰበር አረፋው ከሰው ቁመት በላይ የሚረጭበት ቀን አለ። የምሄደው ያንን ፍለጋ ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር አጋማሽ። ውጭ አገር ኖረው የመጡ ወዳጆቼ ብርዱን እያሰቡ «በክረምት እንሂድ» ይሉኛል። የእኛ ክረምት የዝናብ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የዘጌ የእግር መንገድ ጭቃ፣ ሰማዩም ድፍን ያለ ነው። ብርዱ የበጋው ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ከሄደ ብዙ ስላልቆየ የሩቁ ኮረብታ ጥርት ብሎ ይታያል። ክረምቱ የሞላው ውኃም ገና ብዙ አልጎደለም። ከየካቲት በኋላ አቧራውና የቃጠሎው ጭስ አየሩን ያደበዝዘዋል፤ ያኔ እኔ ካሜራዬን ወደ ጫካው እንጂ ወደ ሐይቁ አላዞርም።

ነፋሱ በስንት ሰዓት ይነሣል?

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ የጉዞው ሰዓት ሁሉ የሚቆረጠው በነፋሱ ነውና።

ሌሊቱን ውኃው ይተኛል። ንጋት ላይ ጣና ብዙውን ጊዜ ዝም ያለ ነው፤ የአንዲት ታንኳ መቅዘፊያ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከሐይቁ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ የብስ ይነፍሳል። ስለዚህ ረፋዱ ላይ፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መጀመሪያ የውኃው ፊት ይሸበሸባል። ከቀትር በኋላ ነጫጭ አረፋ መታየት ይጀምራል፤ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛው ነው። ሲመሽ ቀስ እያለ ይበርዳል።

ይህን ባለታንኳዎቹ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፉት ገና ሳይነጋ የሚነሡት ለዚህ ነው። እኔም ቀኑን እንደ እነርሱ እከፍለዋለሁ፦ ማለዳውን ለጸጥታው ውኃ፣ ረፋዱን ለጫካውና ለገዳማቱ፣ ከሰዓት በኋላውን ለሞገዱ። አንዳንድ ቀን ነፋሱ ጭራሽ ሳይነሣ ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ይነፍሳል። እንዲህ ባለው ቀን ባለጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይከራከሩት።

ፀሐይዋስ?

በታኅሣሥና በጥር ከ12፡30 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12፡30 ነው። በዚህ ወቅት የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለሆነ በባሕረ ገቡ ምሥራቃዊ ዳርቻ የቆመ ሰው ከውኃው ላይ ስትነሣ ያገኛታል። ግን ምርጡ ቀለም የሚገኘው ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ ድንጋዩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል።

የአንድ ቀን ጉብኝት አይበቃም?

ለጉብኝት ይበቃል፤ ለፎቶ አይበቃም። የተለመደው የጀልባ ጉብኝት ከቁርስ በኋላ ከባሕር ዳር ይነሣና አንድ ሁለት ገዳም አሳይቶ ከሰዓት ይመልሳል። እንዲህ የሄደ ሰው ንጋቱንም ምሽቱንም ያጣል፤ ሲደርስ ብርሃኑ አናቱ ላይ ቆሟል፤ ሲመለስ ደግሞ በሞገዱ መካከል ነው፤ ያኔ ካሜራ ማውጣት አይቻልም።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የሄድኩት እንደዚህ ነበር። በሁለተኛው መልስ ላይ ነፋስ መሀል ሐይቅ ላይ አገኘንና ውኃው ከጀልባው ጎን እየዘለለ ገባ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር። አንድ ሌንስ ውስጡ ውኃ ገብቶት ከዚያ ወዲያ አልዳነም፤ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩበት ሌንስ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ እዚያው አደርኩ፤ ያኔ ነው ዘጌን ያየሁት።

ስለዚህ ሁለት ሌሊት ይደሩ ብዬ እመክራለሁ፤ ካልተቻለ አንድ። ማረፊያው ቀላል ነው፤ አስቀድመው በአካባቢው አስጎብኚ በኩል ያስይዙ።

እንዴት ልድረስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በየብስ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ላይ ጎጃም መግባት ነው፤ ከዚያ በደብረ ማርቆስ ወይም በሞጣ መስመር። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የመኪና መንገድም አለ። ቢቻል ሲሄዱ በጀልባ፣ በማለዳ ይሂዱ፤ ባሕረ ገቡን ከውኃው ላይ ማየት በኋላ የት መቆም እንዳለብዎ ያስተምራል። ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ላይፍ ጃኬት መኖሩንም በዓይንዎ ይዩ።

በደንገል ታንኳ መሻገር እችላለሁ?

አይሞክሩት። የደንገል ታንኳ ውኃ የሚመጠው ሣር ነው፤ ባለቤቱ በየጊዜው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያደርቀው ለዚህ ነው። የለመደ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ እንጨት ጭኖበት ይሄዳል፤ ካሜራ የተሸከመ እንግዳ ግን ለራሱም ለባለታንኳውም አደጋ ነው። ዳር ዳሩን፣ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ ቢያስቀምጥዎ ሌላ ነገር ነው።

ብቻዬን መሄድ ደኅና ነው?

በእውነት የምመልሰው ይህን ነው፦ ዘጌ እንግዳ የሚያከብር አገር ነው፤ እኔ እዚያ ብቻዬን ስሆን ከሰው የመጣብኝ ክፉ ነገር የለም። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሣ መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ አለ። ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ከመነሣትዎ በፊት በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ካለ ሰው ጋር ይነጋገሩ። «አሁን ይቅር» ካለዎት ይቅር። ድንጋዩም ሞገዱም ለከርሞ አለ።

ከዚህ ሌላ፣ የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ለሆነ ሰው ነግረው ይሂዱ። መታወቂያ ከእጅዎ አይለይ። ኬላ፣ ወታደር፣ ድልድይ፣ የመንግሥት ተቋም ፎቶ አያንሡ፤ በኬላ ሲያልፉ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የመጀመሪያውን ቀን ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ያሳልፉ። ብቻዬን ልሁን ብለው ለመጡ ሰዎች ይህ ሊከብድ ይችላል፤ ግን መንደሩ የሚያውቀው ሰው ይዞዎት አንድ ቀን ከዞረ በማግስቱ ድንጋይ ላይ ብቻዎን ሦስት ሰዓት ቢቀመጡ «ይሄ ማነው?» የሚል የለም።

ሴት ነኝ፤ ብቻዬን ብሄድስ?

የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ለሴቶችም ክፍት ናቸው። በአቅራቢያው ያለው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ግን ሴት አያስገባም፤ ጀልባው በዚያ በኩል ካለፈ ከውኃው ላይ ማንሣት ይቻላል። ብቻቸውን የሄዱ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ የነገሩኝ ከመሸ በኋላ በጫካው የእግር መንገድ አለመሄድን ነው፤ እኔም ወንድ ሆኜ ከመሸ አልሄድበትም። ነጠላ ይያዙ፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለማለዳው ብርድም ይሆናል።

ምን ካሜራና ምን ሌንስ ልያዝ?

ያለዎትን። ሰዎች ሌንስ ለመግዛት ጉዞውን ሦስት ዓመት ሲያስተላልፉት አይቻለሁ። እኔ የምይዘው ሁለት ሌንስ ነው፦ አንድ ሰፊ፣ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፤ አንድ ደግሞ እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ለወፎቹና ለታንኳዎቹ። ከሌንስ በላይ የሚጠቅሙት ትናንሾቹ ነገሮች ናቸው፦ ሦስት ባትሪ፣ ሁለት ሜሞሪ ካርድ፣ ፓወር ባንክ (መብራት ሊጠፋ ይችላል)፣ አራት አምስት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከረጢት። የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ካለዎት ይያዙት።

በስልክ ብቻ የሚያነሣም ሰው ይሂድ። ንጋቱን ስልክ በደንብ ይይዘዋል፤ የሚቸገረው ለወፍና ለቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው።

ነፋሱ ትራይፖዱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ምን ላድርግ?

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቦታው ሳሉ በትንሿ ስክሪን ላይ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ቤት ገብተው ሲያሰፉት ሁሉም ተንቀጥቅጧል።

መጀመሪያ፣ ትራይፖዱን ዝቅ ያድርጉት። የመሀሉን ዘንግ ጨርሶ አያውጡ፤ ቀጫጭኖቹን የታች እግሮችም አይዘርጉ። ተንበርክከው ወይም ተቀምጠው ያንሡ። ሁለተኛ፣ አንዱን እግር ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያድርጉት፤ ነፋሱ ሲገፋው ተደግፎ ይቆማል። ሦስተኛ፣ ቦርሳዎን መሀሉ ላይ ያንጠልጥሉ ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን ቦርሳው መሬት ካልነካ ራሱ እየተወዛወዘ ይነቀንቀዋል። እኔ በጨርቅ ከረጢት ድንጋይ ሞልቼ መሬት እስኪነካ አስረዝሜ አስራለሁ። የካሜራውን ማንገቻ ፈትተው ኪስ ውስጥ ያስገቡት፤ በነፋስ እንደ ባንዲራ ይርገበገባል። ሹተሩንም በእጅ ሳይሆን በሁለት ሰከንድ ታይመር ይልቀቁት።

ይህም ሆኖ ነፋሱ በጣም ከበረታ ትራይፖዱን አጥፈው ድንጋይ ላይ በሆድዎ ይተኙ። ጋቢ አጣጥፎ ካሜራውን እላዩ ማስደገፍ ከማንኛውም ትራይፖድ ይበልጣል። አንድ ነገር አደራ፦ ካሜራ የተሸከመ ትራይፖድ ነፋስ ላይ ትተው አንድ እርምጃም አይራቁ።

ሞገዱን በምን ፍጥነት ላንሣ?

ምን ለማሳየት እንደፈለጉ ይወስነዋል። አረፋው አየር ላይ ተሰቅሎ እንዲቀር ከ1/1000 ሰከንድ የፈጠነ ሹተር ያስፈልጋል። ውኃው እንደ ጭስ ድንጋዩን እንዲያለብሰው ከፈለጉ ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ፤ ይህ የሚሆነው ሲመሻሽ ነው። እኔ የምወደው ግን መካከለኛውን፣ ከ1/8 እስከ 1/15 ሰከንድ ያለውን ነው፤ ውኃው ሲሄድ ይታያል፣ ቅርጹም አይጠፋም። ብዙ ይበላሻል፤ ከሃያ አንዱ ከወጣ በቂ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አረፋ ነጭ ነው፣ ድንጋዩ ጥቁር ነው። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ካበራው ነጩ ይቃጠላል። ብርሃኑን ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ሲቀንሱ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል) ይቀንሱ፤ በራው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ በሚያስቀምጥበት ፋይል) ካነሡ ጥቁሩን በኋላ ማብራት ይቻላል። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ካሜራውን ከውኃና ከአቧራ እንዴት ልጠብቅ?

የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ከእውነተኛው ባሕር የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ሌንሱ ላይ የተረጨው በጨርቅ ቢጠረግ ካሜራውን አይበላውም። ችግሩ ጠብታው ፎቶው ላይ መታየቱ ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ሲያነሡ ከየሁለት ሦስት ፎቶ በኋላ ሌንሱን ይዩ፤ ሌንሱን ከጎን የሚከልለው ኮፍያ (ሁድ) አይለይ። ሌንስ መቀየር ካለብዎ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍተው፣ በጋቢዎ ሥር ይቀይሩ። ከዚህ የሚሻለው ወደ ዳርቻው ከመውረድዎ በፊት ወስኖ መውረድ ነው።

ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል?

ትንሽ። ብርዱን ከጮቄ ተራራ ብርድ ጋር አያምታቱት፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ዘጌ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሽየስ ቢወርድም ቀኑ ሞቃት ነው። የሚከብደው ማለዳ ላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጡ ነው። ሹራብ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት፣ የጆሮ መሸፈኛ ይበቃል፤ ጋቢ ግን ሁሉንም ያሸንፋል። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ የዳርቻው ድንጋይ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ገዳማቱ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል?

ሲፈቅዱልዎ። መግቢያ ይከፈላል፤ ለቪዲዮ ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ጫማ ይወልቃል። በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ አይወጣም። መቅደሱ ውስጥ መግባት ለማንም ምእመን አይፈቀድም፤ ሥዕሉ ግን ያለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል ስለሆነ ዙሪያውን እየተራመዱ ማየት ይቻላል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን፣ በትረ ማርያምን ያላየ ሰው ሥዕሉን ከፖስታ ካርድ ነው የሚያውቀው። ፊት ለፊት ሲቆሙበት ሌላ ነው። እነዚህ ሥዕሎች በቀጥታ ጭቃው ላይ የተሳሉ አይደሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጨርቁ ዳርና ዳሩ ተነሥቶ ያዩታል። ስለዚህ አይንኩ፣ አይደገፉ። ፍላሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ቀለሙን ይጎዳል ተብሎ ይፈራል፣ የሚጸልየውንም ሰው ያውካል፣ ፎቶውንም ቢሆን ያበላሻል፤ ያረጀው ቀለም ላይ ሲያንጸባርቅ የሥዕሉ ጥልቀት ይጠፋል።

ብርሃኑ ከትልልቁ የእንጨት በር የሚገባው ብቻ ነው። አባ በሩን ወለል አድርገው ቢከፍቱልዎ የፊቱ ግድግዳ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ልክ) 1600 ይነሣል፤ ለጎኑ እስከ 3200 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት ያስፈልጋል። ሥዕል የሌለበትን የቤተ ክርስቲያኑን የውጭ ግድግዳ በጀርባዎ ተደግፈው ትንፋሽዎን ይዘው ያንሡ። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ከወለሉ የሚመለሰው ብርሃን ሥዕሉን ከታች ያሞቀዋል። እኔ ያንን ሰዓት እጠብቃለሁ።

ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት ግን ተሳልመው፣ አባን «እንደምን አደሩ» ብለው፣ ስለ ቦታው ይጠይቁ። ዘጌ ላይ ቡናን የተከሉት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፣ ከበትራቸው ነው የበቀለው ይላል የአገሩ ትውፊት። ይህን ከአባ አንደበት የሰማ ሰው ጫካውን የሚያነሣበት ዓይን ይለወጣል። በሬ የማይጠመድበት፣ ማረሻ የማይነካው መሬት ስለሆነ ነው ዛፉ እስከ ውኃው ድረስ የቆመው።

ሰዎችን ማንሣት እንዴት ነው?

ጠይቆ። ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሰርቆ ማንሣት ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባለታንኳው የሐይቁ ጌጥ ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ደንገሉን አጭዶ ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ለዘመናት ተንቀዋል፤ እንደ ትርዒት የሚያያቸውን ዓይን ወዲያው ያውቁታል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ሥራዎትን ላንሣ?» ይበሉ። እምቢ ካሉ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉ፤ ግን ወዲያው አይሂዱ፣ ተቀምጠው ይጫወቱ።

ለሕፃናት ሳንቲም አይስጡ። እኔ የማደርገው ሌላ ነው፦ ፎቶውን ባሕር ዳር አሳትሜ በሚቀጥለው ጉዞ ይዤ እመለሳለሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶ ስሰጣቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፎቶ የሚያመጣው» የሚል ስም ወጣልኝ። ስም ካገኙ በኋላ የሚያነሡት ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም፤ ሰው ለእርስዎ መቆሙን ትቶ ሥራውን ይሠራል።

ምን ምን ወፍ አገኛለሁ?

ማለዳ ላይ ዓሣ አጥማጁ ንስር ሲጮኽ ይሰማል፤ ፔሊካኖች፣ ውኃው ላይ ቀጥ ብለው እያንዣበቡ የሚወረወሩት ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ጫካው ውስጥ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ቀንዳማ ወፎችና ጦጣዎች ይገኛሉ። በዚሁ ወቅት ከሰሜኑ ዓለም ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ክሬኖች በጣና ዙሪያ ባለው ረግረግና የእርሻ ማሳ ይከርማሉ። ለበረራ 1/1600 ሰከንድ፣ ለነጩ ፔሊካን ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ዝቅ። ጎጆ ካዩ አይጠጉ።

ዋና መዋኘት፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ ማንሣት?

አልመክርም። በጣና ቢልሃርዝያ አለ፤ ሞገዱ የሚያምርበት ድንጋይ ደግሞ የሚጥልበት ድንጋይ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ ስላለ እዚያ በጀልባም ቢሆን ርቀት ይጠበቅ። ለወባም አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ።

ድሮን ላምጣ?

ያለ ፈቃድ አይሆንም። ይቅርብዎ።

እምቦጩ እዚያ ደርሷል?

እምቦጭ በጣና ላይ የታየው በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን በጣም የጎዳው ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው። ነፋሱ ግን ቁራጩን እየገፋ ወዲያና ወዲህ ስለሚወስደው በዘጌ ዳርቻ ተንሳፍፎ ቢያዩ አይደነቁ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ ብዙ ሰው ውበቱን ብቻ አንሥቶ ይሄዳል። እኔ ሳነሣው ከጎኑ የተጠላለፈውን መረብ፣ መውጫ ያጣችውን ታንኳም ፍሬሙ ውስጥ አስገባለሁ።

ጾም ላይ ብሄድ ምን እበላለሁ?

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ ጉዞዎ አብዛኛውን ጊዜ በጾም ውስጥ ይወድቃል። ሽሮና ምስር አይታጣም። ቀረሶ ዓሣ የሚወድ ሰው ባሕር ዳር ላይ ይብላ። ለማለዳው ቆሎ ወይም ዳቦ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ንጋቱን ለማንሣት ከወጡ እስከ 3 ሰዓት ቁርስ የለም። ቡናው ግን የዘጌው ነው፤ ወቅቱ ቀዩ ፍሬ የሚለቀምበት ስለሆነ በየደጁ ተሰጥቶ ያገኙታል። ሲጋበዙ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሡ።

ለበዓል ቀን ብሄድስ?

ጥር 10 ከተራና 11 ጥምቀት፣ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ሕዝቡ የሚወጣበት ቀን ነው። ለሰውና ለቀለም ከዚህ የሚሻል ቀን የለም። ብቻዎን ከነፋሱ ጋር ለመሆን ከፈለጉ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጡ፤ ጀልባም ማረፊያም ይጣበባል።

ስመለስ በስንት ሰዓት ልነሣ?

ጠዋት፣ ከ3 ሰዓት በፊት። ነፋሱ ሳይነሣ። የመጨረሻውን ንጋት አንሥተው ትራይፖዱን አጥፈው፣ ካርዱን አውጥተው ከሰውነትዎ ጋር ባለ ኪስ ውስጥ ያድርጉት፤ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት፤ ቦርሳውን ጭንዎ ላይ እንጂ ጀልባው ወለል ላይ አያስቀምጡት። አንድ ካሜራ ግን፣ ስልክም ቢሆን፣ በእጅዎ ይቅር። በመንገድ ላይ እንጨት ጭነው ወደ ገበያ የሚቀዝፉትን ታንኳዎች ያገኟቸዋል፤ ባለጀልባው ሞተሩን እንዲያቀዘቅዝላቸው ይጠይቁት፤ የጀልባው ሞገድ ታንኳውን ያናውጠዋል። ሞተሩ ዝም ሲል ሰላም ይበሏቸው። መልሰው እጃቸውን ካነሡ ያንሡ።